ስለ ተተወ ጓሮና ስለ ሐረግ

በቤት ፊት ያለውን ደጅ ሰው ሁሉ ይጠርገዋል፤ እንግዳ ያየዋልና። ከቤት በስተኋላ ያለውን ጓሮ ግን አብዝቶ የሚያየው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የሰውን ትጋትና ስንፍና ከደጁ ይልቅ ጓሮው አጥርቶ ይናገራል። ጓሮውን አንድ ክረምት የተወ ሰው ሣር ያገኛል፤ ሁለት ክረምት የተወ ቍጥቋጦ ያገኛል፤ ሦስትና አራት ክረምት የተወ ግን ሐረግ ያገኛል። ሐረግም ከሣርና ከቍጥቋጦ ይልቅ ይከፋል። በምድር ላይ ብቻ አይቀርምና፤ ወደ ቡናው፣ ወደ ሎሚውና ወደ ኮኩ ይወጣል፤ ከዚያም በጎረቤት አጥር ላይ ይሻገራል።

ሰዎች ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አሳብ አላቸው። አንዳንዶቹ፦ «ሐረግ የምድር ልብስ ነው፤ አበባውም ያምራል፤ ተዉት ይደግ» ይላሉ። ሌሎቹም፦ «የሚጠመጠም ሁሉ ጠላት ነው፤ በገጀራ ጨርሱት» ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የፊተኛው አሳብ ስንፍናን በውበት ይሸፍናል፤ ሁለተኛውም ችኮላን ትጋት ብሎ ይጠራል። ከሁለቱ የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም አስቀድሞ ማወቅ፣ ቀጥሎ ከሥሩ መንቀል፣ ከዚያም በኋላ ሳይሰለቹ መጠበቅ ነው።

ማወቅ ስለ ምን ይቀድማል? ሐረግ ሁሉ ጠላት ስላልሆነ ነው። ወይን ሐረግ ነው፤ ፍሬው ግን ይበላል። ዱባና ቅል በሐረግ ይሳባሉ፤ ዱባው ለወጥ፣ ቅሉም ለዕቃ ይሆናል። በእንጨት ላይ የሚወጣ አደንጓሬም አለ። አዞ ሐረግ የሚባለው ነጭ አበባ ያለው ተክል ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የአገሩ ነው፤ በአጥርና በጫካ ዳር ይታያል። እንግዲህ ገጀራውን ይዞ ሳይመረምር የሚቆርጥ ሰው ወዳጁንም ጠላቱንም አብሮ ይጥላል። ስኳር ድንች ራሱ በምድር ላይ የሚሳብ ሐረግ ነው፤ ሐምራዊና ሰማያዊ አበባ እያበበ አጥሩን ሁሉ የሚሸፍነው ሐረግም የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። አንዱ ቤተ ሰብ ይመግባል፤ ሁለተኛው አትክልት ያንቃል። በመልክ ይቀራረባሉ፤ በሥራ ግን ይለያያሉ።

ሐረግን ለይቶ ለማወቅ አራት ጥያቄ ይበቃል። ፊተኛው ጥያቄ፦ በምን ይወጣል? የሚለው ነው። ቻርለስ ዳርዊን የሚባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ መርማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፏል። እርሱ እንዳስረዳው አንዳንዱ ሐረግ ግንዱን ራሱን በእንጨት ላይ ይጠመጥማል፤ አንዳንዱ በቅጠሉ እግር ወይም እንደ ክር በቀጠነ እጅ ይይዛል፤ አንዳንዱ በእሾህና በሜንጦ ይንጠለጠላል፤ አንዳንዱም ከግንዱ በሚያበቅላቸው ትንንሽ ሥሮች በግድግዳና በዛፍ ላይ ይጣበቃል። ለቢራ የሚሆነውን ሆፕ የሚባለውን ሐረግ በክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ሲመለከትም፣ ለጋው ጫፍ የሚይዘውን እየፈለገ በሞቃት ቀን በሁለት ሰዓት ያህል አንድ ጊዜ እንደሚዞር አየ። ዓይን የሌለው ነገር እንደዚህ ከተጋ፣ ዓይን ያለው ባለቤት እንዴት ይተኛል?

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ቅጠሉና አበባው ምን ይመስላል? ሲቆረጥስ ምን ያፈሳል? የሚለው ነው። ቅጠሉ እንደ ቀስት ጫፍ የሾለ፣ አበባውም ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቀይ ሆኖ እንደ ትንሽ ጡሩምባ የተከፈተ እንደ ሆነ፣ እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት የእርሻ ሐረጎች አንዱ እርሱ ነው። ይህ ሐረግ ሥሩን እስከ 6 ሜትር ድረስ ወደ ታች ሊሰድ ይችላል። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ሐምራዊ፣ ፍሬውም ሁለት ሁለት እየሆነ የተጣመረ፣ ሲቆረጥም ነጭ ወተት የሚያፈስ እንደ ሆነ፣ የጎማ ሐረግ ሊሆን ይችላልና መጠንቀቅ ይገባል። የዚህ ሐረግ ወተት መርዝ አለበት፤ ከብትና ፈረስም ሲበሉት ይሞታሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ሥሩ ወዴት ነው? የሚለው ነው። ብዙው ሐረግ ሥሩ በምድር ውስጥ ነው። ነገር ግን ቅጠል የሌለው፣ እንደ ቢጫ ክር በሌላ ተክል ላይ የተዘረጋ ሐረግ አለ። ይህ ከዘሩ ሲበቅል ጥቂት ጊዜ በምድር ላይ ይቆማል፤ የሚይዘውን ተክል ባገኘ ጊዜ ግን ትንንሽ መምጠጫዎቹን ወደ ተክሉ ሥጋ ያገባል፤ የራሱም ሥር ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ሳይሠራ በሌላው ድካም ይኖራል። ከሰሜን አሜሪካ የመጣው የዚህ ዓይነቱ ሐረግ በኢትዮጵያ ኑግን ይጎዳል፤ ዘሩም ከኑጉ ዘር ጋራ ይቀላቀላል። ስለዚህ ኑግ ለወፎች ምግብ እንዲሆን ወደ አሜሪካ አገር ሲገባ፣ በውስጡ የተደበቀው የሐረግ ዘር እንዳይበቅል በሙቀት እንዲታከም ታዟል። አንዲት ትንሽ ዘር በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ተጉዛ የሌላውን አገር እርሻ ታስፈራለች። እንግዲህ ዘርን ሳያበጥር የሚዘራ ሰው ጠላቱን በገዛ እጁ ይዘራል።

አራተኛው ጥያቄ፦ ከወዴት መጣ? በያዘውስ ተክል ላይ ምን ያደርጋል? የሚለው ነው። ሐረግ በራሱ አገር ሳለ የሚበሉት ትሎች፣ የሚያደክሙት በሽታዎችና የሚወዳደሩት ዕፀዋት አሉ፤ ስለዚህ በልኩ ይኖራል። ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ግን ጠላቶቹ አይከተሉትም፤ ያን ጊዜ ልክ ያጣል። የጎማ ሐረግ አገሩ ማዳጋስካር ነው። ለአበባው ውበት ወደ አውስትራሊያ ተወሰደ፤ በኵዊንስላንድም ወንዝ ለወንዝ ተስፋፍቶ ዛፎችን ሸፈነ። የአገሩ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ሐረጉን የሚያደክም የዋግ በሽታ ከማዳጋስካር አምጥተው እስኪለቁበት ድረስ ብዙ ተጨነቁ። ይኸው ሐረግ በኢትዮጵያም በስምጥ ሸለቆ አገር ይገኛል። ተክሉ በተፈጥሮው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያለ ቦታው ስለ ተተከለና ጠባቂ ስላጣ ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በአሜሪካ የሆነው ነው። ኩድዙ የሚባል ሐረግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 በፊላደልፊያ ከተማ በተደረገው ታላቅ ትርኢት ላይ ከጃፓን መጥቶ ታየ። ሰዎቹ ቅጠሉ ጥላ ይሰጣል፣ አበባውም ይሸታል ብለው ወደዱት። በ1930ዎቹም ዓመታት መንግሥቱ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው ብሎ ለገበሬዎች ችግኙን አደለ፤ ለሚተክሉትም ገንዘብ ከፈለ። አሳቡ በጎ ነበር። ሐረጉ ግን በበጋ ወራት በአንድ ቀን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊያድግ ይችላልና፣ ዛፉን፣ አጥሩንና ሰው የተወውን ቤት ሁሉ አለበሰው። በ1953 መንግሥቱ ኩድዙን ይተከሉ ዘንድ ከተመከሩት ዕፀዋት መዝገብ አወጣው። እነሆ፣ ለመትከል ገንዘብ የተከፈለበት ነገር ኋላ ለመንቀል ገንዘብ ይከፈልበት ጀመር። በጎ አሳብ ብቻውን አይበቃም፤ ከበጎ አሳብ ጋራ ዕውቀት ያስፈልጋል።

ቀጭን ሐረግ ትልቅ ዛፍን እንዴት ያሸንፋል? ዛፍ ምግቡን የሚያዘጋጀው ቅጠሉ በሚቀበለው የፀሐይ ብርሃን ነው። ሐረጉ በላዩ ሲዘረጋ ብርሃኑን ይወስድበታል፤ ዛፉም በቀን ብርሃን በጨለማ እንደ ተቀመጠ ይሆናል። ደግሞ ሐረጉ በዝናብ ጊዜ ይከብዳል፤ ነፋስ ሲመጣም ቅርንጫፉ ይሰበራል። በታችም ሥሩ ውሃውን ይሻማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ አንዱን ክር ሕፃን ይበጥሰዋል፤ መቶው በአንድነት ሲጠመጠሙ ግን ጐልማሳም አይችላቸውም።

አሁንም ችኮላ ምን እንደሚያመጣ በምሳሌ ይታይ። በአንድ ወይና ደጋ መንደር አንዲት ባልቴት ነበረች። በጓሮዋ 12 የቡና እግር፣ አንድ የሎሚ ዛፍና አንድ ወይን ነበራት። ከቡናዋ ሽያጭ ለልጅ ልጇ የመማሪያ ደብተርና ልብስ ትገዛለች። ልጇ በሌላ አገር ታመመችባትና ልታስታምማት ሄዳ ሁለት ዓመት ቈየች። በተመለሰች ጊዜ ቡናው አይታይም ነበር፤ ሐረግ አልብሶታልና። ያን ጊዜ የወንድሟ ልጅ፦ «አክስቴ ሆይ፣ አትዘኚ፤ እኔ በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ» አላት።

ጐልማሳውም በእውነት ብርቱ ነበረ። ከጥዋት እስከ ማታ ገጀራውን አላስቀመጠም። እርጥቡን ሐረግ ከዛፍ ላይ በኀይል ሲጐትት ግን ከሐረጉ ጋራ የቡናው ቅርንጫፍ ተገነጠለ። ወይኑንም ከሌላው ሳይለይ ቆረጠው። በመጨረሻም የተቆረጠውን ሁሉ ሰብስቦ ከአጥር ወዲያ በጎረቤት ቦይ ጣለው። በማታ ጓሮው ባዶ ሆነ፤ አክስቱም መረቀችው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ግን በምድር የቀረው ሥር ሁሉ አቈጠቈጠ፤ በቦዩም የተጣለው እርጥብ ቍራጭ ሥር ሰዶ የጎረቤቱን ጎመን ያዘ።

ጎረቤቱም ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ዶማቸውን ይዘው መጡ፤ ነገር ግን አልተቈጡም። ጐልማሳውን፦ «ልጄ፣ ጕልበትህ መልካም ነው፤ ነገር ግን የቆረጥኸው ፀጕሩን ነው እንጂ ራሱን አይደለም» አሉት። እርሱም አፍሮ፦ «አባባ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌውም፦ «ዛሬ አንድ እግር ቡና ብቻ እናጽዳ፤ ነገም ሌላውን። የተናደ ነገር በአንድ ቀን አይቆምም» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጥዋቱ ጥቂት ጥቂት ሠሩ። በሁለተኛው ዓመት ከ12ቱ የቡና እግሮች 9ኙ ድነው አፈሩ፤ የተቆረጠውም ወይን ከሥሩ አቈጠቈጠ። ሦስቱ ቡናዎች ግን አልተመለሱም። ትጋት ብዙ ነገር ይመልሳል፤ ችኮላ የሰበረውን ሁሉ ግን አይመልስም።

ሽማግሌው ያስተማሩት ሥራ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው። መጀመሪያ ሐረጉ ከዛፉ ግንድ በታች በኩል፣ በጕልበት ቁመት ያህል፣ ዙሪያውን ይቆረጣል፤ የዛፉም ልጥ እንዳይነካ ጥንቃቄ ይደረጋል። በላይ የቀረው አይጐተትም፤ በዛፉ ላይ ሳለ እንዲደርቅ ይተዋል። ሲደርቅ ይቀላል፤ ቅርንጫፍም ሳይሰብር ይወርዳል።

ሁለተኛው ሥራ ሥሩን ማውጣት ነው። ይህም ዝናብ ከዘነበ በኋላ ምድሩ ሲለሰልስ ይሻላል። ሥሩ በዶማ አይከታተፍም፤ የእርሻው ሐረግ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቍራጭ ቢቀር እንኳ እንደ ገና ሊበቅል ይችላልና። ስለዚህ አፈሩን በመቆፈሪያ አላልቶ፣ ሥሩን በእጅ ተከትሎ፣ ቍራጩን ሁሉ ለቅሞ ማውጣት ይገባል። ከጥልቅ የቀረው ሥር እንደ ገና ቢያቈጠቍጥ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ መንቀል ነው። ቅጠል ያጣ ሥር ምግብ ያጣል፤ ምግብ ያጣም ሥር በመጨረሻ ይደክማል። ቢጫው ክር ግን ከያዘው ተክል ጋራ አብሮ ይነቀላል፤ ጥቂት ክር ቢቀር እንደ ገና ይይዛልና። ጥቂቱን ተክል ስለ ብዙው ማጣት ይሻላል።

ሦስተኛው ሥራ ጊዜን መምረጥ ነው። ሐረግ አበባውን ሳይጨርስና ዘሩን ሳይበትን ይነቀላል። የእርሻው ሐረግ ዘር በምድር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቈይ ይችላል። እንግዲህ አንድ ዓመት ዘር እንዲበትን የተወ አባት፣ ለልጁ የብዙ ዓመት አረም ያወርሳል።

አራተኛው ሥራ የተነቀለውን በሚገባ ማስወገድ ነው። በድንጋይ ወይም በደረቅ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይተዋል፤ ከዚያም ታላላቆች ያቃጥሉታል። ወተት የሚያፈሰውና መርዝ ያለው ግን አይቃጠልም፤ ከከብት ርቆ በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበራል። ወደ ወንዝ፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ፍግ ጕድጓድ እርጥቡን መጣል አይገባም። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው እጁን በጓንት ወይም በጨርቅ ይሸፍን፤ ዓይኑን በቈሸሸ እጅ አይሽ፤ በኋላም በሳሙና ይታጠብ። ገጀራና እሳት የታላላቆች ናቸው። ሕፃናት ግን ገና የበቀለውን ትንሽ ቡቃያ መንቀል ይችላሉ፤ ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ዛሬ በሁለት ጣት የሚነቀለው ከሁለት ዓመት በኋላ ዶማ ይጠይቃልና።

አምስተኛው ሥራ የጸዳውን ቦታ ባዶ አለመተው ነው። ምድር ባዶ መሆን አትወድም። ሰው ጎመን፣ ስኳር ድንች፣ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ካልተከለባት፣ ነፋስና ወፍ የወደዱትን ይተክሉባታል። ደረቅ ሣርና ገለባ በአፈሩ ላይ ማልበስም የአረሙን ቡቃያ ያዳክማል።

አንዳንድ ሰው፦ «ጓሮው የራሴ ነው፤ ብተወው ለማንም ምን ገዶት?» ይላል። ይህ ነገር እውነት አይደለም። አጥር ሰውንና ከብትን ይከለክላል እንጂ ሐረግን አይከለክልም። ዘሩን ነፋስ ይወስደዋል፤ ወፍ ይበትነዋል፤ ጎርፍ ያወርደዋል። በጣና ሐይቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የታየው እምቦጭ፣ ምንም እንኳ ከሐረግ ወገን ባይሆን፣ ይህንኑ ያስረዳል። እርሱም በአበባው የሚያምር፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። በውሃው ላይ በተስፋፋ ጊዜ ዓሣ አጥማጁም፣ ታንኳ ቀዛፊውም፣ ገበሬውም በአንድነት ተጐዱ፤ ብዙ ሺህ ሰውም በእጁ ሊለቅመው ወደ ውሃ ገባ። የአንዱ ቸልታ የሁሉ ሸክም ይሆናል፤ የአንዱም ትጋት የሁሉ ዕረፍት ነው።

ደግሞም፦ «ጊዜ የለኝም» የሚል አለ። ጓሮን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ዞሮ ለማየት የሚበቃው ጊዜ ቡና ከሚፈላበት ጊዜ አይበልጥም። ይህን ጥቂት ጊዜ የነፈገ ሰው ኋላ ወራትን ይከፍላል። የአገሩ ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ጓሮ ያለው ሰው ሐረግን አይፍራ፤ አይናቅም። የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ይለይ፤ የማይጠቅመውን ከሥሩ ይንቀል፤ የነቀለውን በጎረቤቱ ላይ አይጣል፤ በነቀለበትም ቦታ መልካም ነገር ይትከል። ጓሮ ለሌላ ሰው ዓይን የተሰወረ ሥራ ነው፤ ሰው ሳያየው በሚሠራው ሥራ የታመነ ሰው ግን ሰው በሚያየውም ሥራ ይታመናል።